ሐኪም ያዕቆብ በሊማሊሞ፦ የመንገደኛው ታሪክና ሸክሙን ያነሡለት ሰዎች



በደባርቅ ጎዳና ላይ ትልቅ ቦርሳ በጀርባቸው ያዘሉ የውጭ አገር እንግዶችን ያላየ ተማሪ በመካከላችን የለም። ከጎንደር ተነሥተው፣ ዳባትን አልፈው፣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ይመጣሉ። በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይመዘገባሉ፣ ስካውት ይመደብላቸዋል፣ አብሳይና በቅሎ ነጂ ይቀጥራሉ፤ ከዚያም ወደ ሳንቃበር፣ ወደ ጊጭ፣ ወደ ጨነቅ ያቀናሉ። ባለፉት ዓመታት ቁጥራቸው ቀንሷል፤ አላህ የአገራችንን ሰላም ይመልስልንና እንደ ቀድሞው እንዲበዙ እንመኛለን። ሲመለሱ የሚያሳዩት ፎቶ የዋልያ፣ የጭላዳና የገደል ነው። ተራራውን ያወጣቸው ሰው ግን ብዙ ጊዜ በፎቶው ዳር ላይ ነው፤ ስሙም ከሥሩ አይጻፍም።

በዚህ ዕትም የሕይወት ታሪክ ዓምዳችን የመረጥነው ሰው ዓሊም ወይም ሙጃሂድ አይደለም፤ ሙስሊምም አልነበረም። ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመታት በፊት በዚሁ በእኛ ደጃፍ ያለፈ የስኮትላንድ ሰው ነው፤ ጄምስ ብሩስ ይባላል። የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የጉዞው ታሪክ በደንብ ሲነበብ ከምጽዋ እስከ ጎንደር፣ ከጎንደርም እስከ አስዋን በየመታጠፊያው አንድ ሙስሊም ቆሞ ይገኛል። አንዳንዱ ሊዘርፈው፣ የሚበዛው ግን ሊያሻግረው። በታሪኩ ውስጥ የእኛ ሰዎች ስም አለ፤ እኛ ግን አናውቀውም። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከኪኔርድ እስከ ጅዳ

ጄምስ ብሩስ በታኅሣሥ 1730 በስኮትላንድ፣ ኪኔርድ በሚባል የአባቱ ርስት ላይ ተወለደ። እናቱ ገና ሕፃን ሳለ ሞተችበት። በእንግሊዝ አገር ተማረ፤ ቀጥሎም በኤደንብራ ሕግ ጀመረ፤ ግን ልቡ ከሕግ ጋር አልነበረም። በ1754 አድሪያና የምትባል የወይን ነጋዴ ልጅ አገባ። ወራት ብቻ አብረው ቆይተው በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። ነፍሰ ጡርም ነበረች። ይህ ሐዘን ከቤቱ የነቀለው ይመስላል። ንግዱን ለሌሎች ትቶ ወደ ስፔንና ፖርቱጋል ሄደ፤ እዚያም የዐረብኛ መጻሕፍት ነገር ልቡን ሳበው፤ ቋንቋውን ማጥናት ጀመረ።

በ1763 የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ወደ አልጄርስ ተላከ። ሁለት ዓመት በቆየበት በዚያ ከተማ ዐረብኛውን አጠነከረ፤ ከሐኪምም ጥቂት የሕክምና ዕውቀት ቀሰመ። እነዚህ ሁለት ነገሮች፣ ቋንቋውና መድኃኒቱ፣ በኋላ ከገንዘቡና ከጠመንጃው ይበልጥ ጠቀሙት። ከሥራው ከተሰናበተ በኋላ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ወጣት የቦሎኛ ሠዓሊ ይዞ በቱኒስ፣ በትሪፖሊና በሶርያ ዞረ። በቤንጋዚ አቅራቢያ መርከቡ ተሰበረችና ዋኝቶ ወጣ። የባሕሩ ዳር ሰዎች ደበደቡት፣ ልብሱንም ገፈፉት። ማንነቱን በዐረብኛ ሲያስረዳቸው ደግሞ አለበሱት፣ አበሉትም።

ዓላማው የዓባይን ምንጭ ማየት ነበር። በ1768 ግብፅ ገባ፤ በዓባይ ላይ እስከ አስዋን ወጥቶ፣ ተመልሶም በረሃውን ወደ ቀይ ባሕር ቆርጦ በ1769 ጅዳ ደረሰ። እዚያ ያገኘው ሰው ለእኛ ልዩ ትርጉም አለው። የመካው ሸሪፍ ሹም የነበረው ሚትቃል አጋ የሐበሻ ተወላጅ ነበር፤ በባርነት ከአገሩ ወጥቶ በሒጃዝ እስከ ሹመት የደረሰ ሰው። ለምጽዋው ናይብና ለትግራዩ ገዥ ለራስ ሚካኤል ስሑል ደብዳቤ ጻፈለት፤ ከራሱ ሰዎችም መሐመድ ጀበርቲ የተባለውን ሐበሻ ሙስሊም መደበለት። የአገሩን ተራሮች በባርነት የተለየ ሰው ለማያውቀው እንግዳ ወደዚያው አገር የሚያስገባ በር ከፈተለት። ብሩስ በእነዚያ ደብዳቤዎች ምን ያህል እንደተጠቀመ በመጽሐፉ ውስጥ በግልጽ ይታያል። ሚትቃል አጋ ግን ስለራሱ የጻፈው መጽሐፍ የለም።

በምጽዋ የተደገሰው ሞትና በጣራንታ የተነሣው ሸክም

በመስከረም 1769 ብሩስ ምጽዋ ገባ። የምጽዋው ናይብ ለመንገደኛ የሚራራ ሰው አልነበረም፤ የብሩስን ገንዘብ ፈልጎ ሁለት ወር ያህል አጉላላው፤ ሕይወቱም በአደጋ ላይ ነበረች። እዚህ ላይ እውነቱን ሳንሸፍን መናገር አለብን። ናይቡ ሙስሊም ነበረ፤ ያደረገው ግን የመንገደኛን ሐቅ መንጠቅ ነው። የወንድሙ ልጅ አሕመድ በተቃራኒው የብሩስ ወዳጅ ሆነ። አሕመድ በሕርጊጎ በንዳድ በታመመ ጊዜ ብሩስ አከመው፤ አሕመድም በየትኛው መንገድ ቢሄድ እንደሚሻለው መከረው፣ ጠበቀውም። በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ሃይማኖት ሥር፣ አንዱ እንግዳውን ሊያጠፋ፣ ሌላው ሊያድን ቆሙ። ሰውን የሚለየው ስሙ ሳይሆን አደቡ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

በኅዳር አጋማሽ ከሕርጊጎ ተነሥቶ ወደ ደጋው መውጣት ጀመረ። ፊቱ የቆመው የጣራንታ ተራራ ነበር። ብሩስ የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ የሚለካበት ትልቅ መሣሪያ ይዟል። ስምንት ሰዎች፣ አራት አራት እየሆኑ በፈረቃ ይሸከሙት ነበር። ዳገቱ ሲጠነክር ተሸካሚዎቹ ሰነፉ፣ እንጥለው ማለትም ጀመሩ። በዚህ ጊዜ ከመንገድ የተቀላቀለ፣ ማንም ያልቀጠረው አንድ ሙስሊም ከጎን ብቅ አለ። ስሙ ያሲን ነበር። መተማ አጠገብ ካለው ራስ አል ፊል ከሚባለው ወረዳ ጋር ግንኙነት የነበረው ሰው ነው። ከብሩስ ጋር ሆነው የመሣሪያውን ከባድ ክፍል በራሳቸው ትከሻ ተሸክመው ዳገቱን ወጡ። እጃቸውና እግራቸው ቆሰለ፣ ልብሳቸው ተቀደደ፤ መሣሪያው ግን ሳይሰበር ደረሰ።

ወዳጅነታቸው የተጀመረው በዚህ ነው። ያሲን በዚያን ቀን ምንም ግዴታ አልነበረበትም፤ ደመወዝም አልተነጋገረም። ብሩስ ግን ሰውየውን አልረሳውም። በኋላ በጎንደር ቤተ መንግሥት ሹመት ሲያገኝ መጀመሪያ ያሰበው እሱን ነው።

ከዲግሳ በኋላ ሌሎች ሙስሊም ነጋዴዎችም የተጫኑ አህዮቻቸውን እየነዱ ጉዞውን ተቀላቀሉ። ሽፍታ በሚበዛበት መንገድ አብሮ መሄድ ለሁሉም ይጠቅማል፤ እርስ በእርስ ላይከዳዱ ቃል ተግባብተው እንደ አንድ ቡድን ተጓዙ። የዚያ ዘመን ቅፍለት አሠራር እንዲህ ነበር። የነጋዴው ሀብት በአህያው ጀርባ ላይ ቢሆንም ዋስትናው አጠገቡ የሚሄደው ሰው ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ መንገዱን ለምን ሙስሊሞች ያዙት ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ምክንያቱ ቀላልና መራራ ነው። በደጋው አገር ሙስሊም በአብዛኛው ርስት አይኖረውም ነበር። መሬት የሌለው ሰው በእጁ ሙያ ወይም በእግሩ ያድራል። ጀበርቲዎቻችን ሽመናንና ንግድን ያዙ፤ ከቀይ ባሕር እስከ ጎንደር፣ ከጎንደር እስከ ስናር ያለውን መንገድ እንደ እርሻቸው አወቁት። የት ውኃ እንዳለ፣ የትኛው በር ቀረጥ እንደሚበዛበት፣ ማን ቤት እንደሚታደር የሚያውቁት እነሱ ነበሩ። መሬት የተከለከለ ሕዝብ የመንገድ ባለቤት ሆነ።

ሊማሊሞ፣ ደባርቅና የወገራ ሜዳ

ብሩስ አድዋንና አክሱምን አልፎ በጥር 1770 መጨረሻ ላይ ተከዜን ተሻገረ። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የእኛ መንገድ ነው። ከአዲ አርቃይ ቆላ ተነሥቶ ወደ ሊማሊሞ የሚወጣው ዳገት፣ በስተምሥራቅ የሰሜን ተራሮች እንደ ግንብ ቆመው። ዛሬ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በቆረጡት ጠመዝማዛ መንገድ በአውቶቡስ ስንወጣ እንኳ ብዙዎቻችን መስኮቱን ላለማየት ዓይናችንን እንጨፍናለን። ያን ጊዜ መንገዱ የበቅሎና የእግር ብቻ ነበር። ጭነቱ ይወርዳል፣ ሰው ይሸከመዋል፣ እንስሳው ባዶውን ይወጣል፣ እንደገና ይጫናል። ከላይ ደግሞ የቀረጥ በር ይጠብቃል።

ከዚህ ቦታ ብሩስ ያስቀረልን ትዝታ የሚያስቅ ነው። ሰዎቹ ከተራራው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የተቀቀለ የፍየል ሥጋ ሊበሉ ሲሉ፣ አገጩ ላይ ጺም የመሰለ ላባ ያለው ግዙፍ አሞራ መጣ። አልፈራም፤ በመካከላቸው ገብቶ ሥጋውን ነጥቆ ሄደ፣ ለሁለተኛም ጊዜ ተመለሰ። ብሩስ በጥይት ጣለው፤ ሥዕሉም በመጽሐፉ ውስጥ ታትሟል። አጥንት ከሰማይ እየጣለ በድንጋይ ላይ የሚሰብረው ይህ አሞራ ዛሬም በሳንቃበርና በጨነቅ ገደሎች ላይ ሲያንዣብብ ይታያል። እንግዶች እሱን ፎቶ ለማንሣት ከሩቅ አገር ይመጣሉ፤ እኛ ቀና ብለን ሳናየው እናልፋለን።

ከሊማሊሞ በላይ ደባርቅ፣ ከደባርቅ በኋላ ዳባት፣ ከዚያም የወገራ ሰፊ ሜዳ። ቆላውን በሙቀትና በንዳድ ፍርሃት ያለፈ መንገደኛ እዚህ ሲደርስ ብርዱ ይቀበለዋል፤ እህሉም ይታየዋል። ወገራ ያኔም ጎንደርን የሚመግብ የስንዴና የገብስ አገር ነበር። በየካቲት ወር ብሩስና ሙስሊም ጓዶቹ ያለፉት ዛሬ ለዕረፍት ወደ ቤታችን ስንሄድ በመስኮት በምናየው በዚሁ ሜዳ ነው። ከሥዕሉ መሣሪያ ጋር ባሉጋኒ፣ ከመለኪያው ጋር ብሩስ፣ ከጭነቱ ጋር ያሲን፣ ከአህዮቻቸው ጋር ነጋዴዎቹ።

ስለ ሰሜን ተራሮች ስናወራ ጊጭን ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። በፓርኩ ውስጥ ለብዙ ዘመን የኖሩት የጊጭ መንደር ሰዎች ሙስሊሞች ነበሩ፤ ለብዙ ዓመታት የውጭ እንግዳ በደጃቸው አልፏል፣ ከእነሱም መካከል በቅሎ ያከራዩ፣ መንገድ ያሳዩ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም ከተራራው ወርደው ደባርቅ ላይ ሰፍረዋል። አብረውን በአንድ ከተማ ይኖራሉ። የተራራውን መንገድ የሚያውቁ አባቶች ከጎናችን እያሉ እኛ ስለ ተራራው ከውጭ አገር መጽሐፍ እንማራለን።

ኢስላም ቤት ያደረው እንግዳ

በየካቲት 1770 አጋማሽ ብሩስ ጎንደር ደረሰ። የያዛቸው ደብዳቤዎች የተጻፉላቸው ሰዎች ግን በከተማው አልነበሩም። ንጉሡ ዓፄ ተክለ ሃይማኖትና ራስ ሚካኤል ዘመቻ ላይ ነበሩ። ፈረንጅ በመሆኑም በካቶሊክነት ሊጠረጠር፣ ሊጠላም ይችል ነበር። እንግዲህ የት ይደር? መልሱ በቀሃ ወንዝ ዳር የሙስሊሞቹ ሰፈር ሆነ።

ይህ ሰፈር የራሱ ታሪክ አለው። በ1668 በዓፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተደረገ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወስኖ ነበር። ኢስላም ቤት፣ በኋላም አዲስ ዓለም የተባለው ሰፈር ከከተማው በታች፣ ወንዙ አጠገብ ሆነ። ከመቶ ዓመት በኋላ ከተማው በር ያልከፈተለት እንግዳ በር የተከፈተለት በዚህ ከመሐል በተገፋው ሰፈር ነው። የሙስሊም ነጋዴዎች አለቃ የነበሩት ነጋድራስ መሐመድ ተቀበሉት፤ በሐጂ ሳሊሕ ቤትም አረፈ። ብሩስ የለበሰው የሙስሊም ልብስ ነበር፤ ስሙንም ሐኪም ያዕቆብ አስባለ።

ወዲያው ሕክምናው ተፈለገ። ከተማውን ፈንጣጣ ገብቶበት፣ በቁስቋም የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ሕፃናት ታመው ነበር። ብሩስ አየር እንዲገባላቸው መስኮትና በር አስከፈተ፣ ንጽሕና አዘዘ፣ አጠገባቸውም ሆኖ አስታመመ። የራስ ሚካኤል ሚስት የወይዘሮ አስቴር ልጅ ሲድን የቤተ መንግሥቱ በር ተከፈተለት። የእቴጌይቱንና የወይዘሮ አስቴርን ወዳጅነት አገኘ፤ ራስ ሚካኤል ከዘመቻ ሲመለሱም ባለሟልነት ተሰጠው። በኋላም ራስ አል ፊል በስሙ ሲሰጠው፣ እሱ ጎንደር ሆኖ በቦታው እንዲያስተዳድር ያሲንን ምክትሉ አደረገው። በጣራንታ ላይ በነጻ የተነሣው ሸክም በዚህ መልክ ተመለሰ።

ግሽ ዓባይና የተደበቀው ስም

በኅዳር 4 ቀን 1770 ብሩስ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ደረሰ። ያየው ትንሽ ምንጭ ነበር። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም፤ ወዲያው ሐዘን እንደወደቀበት ራሱ ጽፏል። ይህን ያህል መንገድ የመጣበት ነገር አንድ ትንሽ የውኃ ዓይን ነበር።

እዚህ ላይ ነው የሰውየው ጉድለት የሚታየው። ብሩስ ከአውሮፓ ሰዎች ምንጩን መጀመሪያ ያየሁ እኔ ነኝ ብሎ እንዲጻፍለት ፈለገ። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል የስፔን ኢየሱሳዊ በ1618 እዚያው ቦታ ደርሶ ነበር፤ ብሩስ ይህን ለመካድ ብዙ ገጽ ጻፈ። ከዚህ የከፋው የባሉጋኒ ነገር ነው። በየአገሩ አብሮት የዞረው፣ አበባውንና ወፉን የሣለለት ወጣት በምንጩም ላይ አብሮት ነበር፤ የራሱም የጉዞ ማስታወሻ ይህን ያሳያል። ባሉጋኒ በ1771 ጎንደር ላይ በበሽታ ሞተ። ብሩስ ግን በመጽሐፉ ውስጥ ከግሽ ጉዞ በፊት እንደሞተ አድርጎ ጻፈው። በሕይወት የነበረን ጓደኛ በቀለም ገደለው፤ ምንጩን ብቻዬን አየሁ ለማለት።

ሰው በመንገድ ላይ ረሃብን፣ ሽፍታን፣ ንዳድን ሁሉ ያሸንፋል፤ ለብቻዬ ልወደስ የሚለውን ምኞት ማሸነፍ ግን ይከብደዋል። ዓሊሞቻችን ሥራ በኒያ እንደሚመዘን ደጋግመው የሚያስተምሩን ይህን ስለሚያውቁ ነው።

የመመለሻው መንገድ

ብሩስ በ1771 ታኅሣሥ መጨረሻ ከጎንደር ወጣ። በምጽዋ መመለስን ትቶ በራስ አል ፊልና በስናር በኩል ሄደ። ያሲን በወረዳው ተቀበለው፣ መንገዱንም አዘጋጀለት። ከዚያ ወዲያ ጣይዋ በተባለ ቦታ የነበረው ሸኽ ፊደል የተባለ የአካባቢው ገዥ ገንዘቡን ፈልጎ ለሳምንታት አገተው። ብሩስ እርዳታ የጠየቀው ያሲንን ነው፤ ከራስ አል ፊል በኩል የመጣው ጫናም ከዚያ ለመውጣቱ ረዳው።

ከስናር ወደ ሰሜን ሲጓዝ በመጨረሻ የቀረው የኑቢያ በረሃ ነበር። መንገድ መሪው ኢድሪስ የሚባል ሙስሊም የበረሃ ሰው ነበር። ግመሎቹ አለቁ፣ እግራቸው ቆሰለ፣ ስንቁ ተሟጠጠ። በጣራንታ ላይ በትከሻ የወጣው መሣሪያና የጉዞው ማስታወሻ ሁሉ በአሸዋ ላይ ተትቶ፣ ነፍሳቸውን ብቻ ይዘው በኅዳር 1772 መጨረሻ አስዋን ገቡ። ጥቂት ካረፉ በኋላ ግመል አግኝተው ተመለሱ፤ ኢድሪስም ቦታውን አልሳተም፤ ዕቃው በተጣለበት ተገኘ። ዛሬ ስለ ጎንደር ዘመን ታሪክ ስንማር የምንጠቅሰው መጽሐፍ የተጻፈው ከዚያ አሸዋ ላይ ከተነሣው ማስታወሻ ነው።

በ1774 ለንደን ሲደርስ መጀመሪያ በጉጉት ተቀበሉት። ብዙም ሳይቆይ ግን መሳቂያ አደረጉት። በሕይወት ካለች ላም ሥጋ ተቆርጦ ሲበላ አየሁ ማለቱን፣ ስለ ጎንደር ግብርና ጦርነት የሚያወራውንም ሁሉ ፈጠራ ነው አሉ። ታላላቅ የሚባሉ ጸሐፊዎች ሳይቀሩ ተጠራጠሩት። ተቆጥቶ ወደ ኪኔርድ ገባ፤ እንደገና አገባ፣ ልጆች ወለደ፣ ሁለተኛ ሚስቱም በ1785 ሞተችበት። መጽሐፉን በአምስት ቅጽ ያሳተመው በ1790፣ ከተመለሰ ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ስለ አገራችን ሰዎችም ሆነ ስለ ሙስሊሞች የጻፋቸው ክፉ ቃላት አሉ፤ እነሱን አንቀበልም። ሆኖም ከእሱ በኋላ የመጡ ተጓዦች የጻፈው በአብዛኛው እውነት መሆኑን መሰከሩ። ከኢትዮጵያ ያመጣቸው የብራና መጻሕፍትም፣ ከእነሱም መካከል መጽሐፈ ሄኖክ፣ ለአውሮፓ ምሁራን ታላቅ ሀብት ሆኑ።

እሱ ግን ይህን ሙሉ በሙሉ ሳያይ ሞተ። በሚያዝያ 1794 እንግዶች በቤቱ ነበሩ። አንዲት እመቤትን ወደ ሠረገላዋ ሊሸኝ ሲቸኩል ከራሱ ቤት ደረጃ ወድቆ ራሱን ሳተ፤ በማግሥቱም ሞተ። ሊማሊሞን ወጥቶ የወረደ፣ የኑቢያን በረሃ በቆሰለ እግሩ የጨረሰ ሰው በራሱ ደረጃ ላይ ወደቀ። አጀል ቦታ አይመርጥም።

ያልተጠየቁት ምስክሮች

ከዚህ ሁሉ በኋላ በእኛ ልብ የሚቀረው አንድ ነገር ነው። ለንደን ብሩስን ውሸታም ስትለው እውነቱን የሚያውቁ ሰዎች በሕይወት ነበሩ። ያሲን ያውቅ ነበር። ነጋድራስ መሐመድና ሐጂ ሳሊሕ ያውቁ ነበር። ኢድሪስ ያውቅ ነበር። ማንም አልጠየቃቸውም። ቢጠየቁ ኖሮ ባሉጋኒ ግሽ እንደነበረና እንዳልነበረም በኢስላም ቤት የሚያውቅ አይጠፋም ነበር። ብሩስ የራሱን ጓደኛ ስም ደበቀ፤ ዓለም ደግሞ ለብሩስ የሚመሰክሩለትን ሰዎች ቃል ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ጓደኛውን ያጠፋበት ዘዴና እሱን መሳቂያ ያደረገው ዘዴ አንድ ነው፤ አብሮ የሄደውን ሰው እንደሌለ መቁጠር።

በዲናችን መንገደኛ ትልቅ ቦታ አለው። ዘካት ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች አንዱ ኢብኑ ሰቢል፣ መንገድ ላይ የቀረ ሰው ነው። ሙሳፊር ሶላቱን ያሳጥራል፣ ጾሙን ወደ ሌላ ቀን ያስተላልፋል፤ አላህ ራሱ ያቀለለትን ሰው እኛ ልናከብድበት አይገባም። ያሲን በጣራንታ ዳገት ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው። የእንግዳውን ሃይማኖት አልጠየቀም። ሸክሙን አይቶ ትከሻውን ሰጠ። ሐጂ ሳሊሕም በሩን ሲከፍቱ እንግዳው አንድ ቀን ታሪክ ይጽፋል ብለው አልነበረም።

እንግዲህ ወንድሞችና እህቶች፣ ደባርቅ ላይ የምንማር እኛ የዚያ መንገድ ሰዎች ነን። ቦርሳ ያዘለ እንግዳ ስናይ ዋጋ ከሚጨምሩበት ሳይሆን መንገድ ከሚያሳዩት እንሁን። ለትምህርት ከሩቅ ክፍለ አገር የመጣ፣ ብርዱን ያልለመደ አዲስ ተማሪም መንገደኛ ነው፤ ጋቢ የሌለው ካለ ጋቢ እንስጠው፣ ዘመድ ከሌለው ከጀመዓችን ጋር እናፍጥረው። እኛም ተምረን ሩቅ አገር ስንደርስ በየመንገዱ ያበላንን፣ ያሳደረንን፣ ሸክማችንን ያነሣልንን ሰው በስሙ እንጥራ። ብቻዬን ደረስኩ የሚል ሰው ውሸታም ነው፤ አንድም ሰው ብቻውን ሊማሊሞን አልወጣም።

አንድ አደራ ደግሞ አለን። ለዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትመለሱ አንድ አዛውንት ፈልጉ። በበቅሎ የነገዱ፣ ለሐጅ በእግር የሄዱ ዘመዶቻቸውን የሚያስታውሱ፣ የጊጭን መንገድ በጨለማ የሚያውቁ አባትና እናት ዛሬም አሉ። አብራችኋቸው ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ፤ የሰማችሁትንም ጻፉ። ከሁሉ በፊት ስማቸውን ጻፉ። ያሲንን የምናውቀው አንድ እንግዳ ስሙን ስለጻፈው ብቻ ነው። የአባቶቻችንን ስም ለመጻፍ ሌላ እንግዳ እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም።

አላህ በመንገድ ላይ ያሉትን ሁሉ በሰላም ወደየቤታቸው ይመልስ። እኛንም ለመንገደኛ በራቸውን ከሚከፍቱት ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።